ከማቅለሚያው ጋን እስከሚያበራው ሞለኪውል፦ ብረታ ብረትን በቀለም የመለየት ረጅም ታሪክ

ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባዘጋጀው «የተፈጥሮ ታሪክ» ውስጥ ስለ ግብፃውያን ቀለም ነካሪዎች አንድ አስደናቂ ነገር ጽፎልናል። ባለሙያዎቹ ነጩን ጨርቅ አስቀድመው በልዩ ልዩ ፈሳሾች ይቀቡታል። ቅቡ በጨርቁ ላይ ምንም ምልክት አያሳይም። ከዚያም ጨርቁን ቀለም በፈላበት ጋን ውስጥ ይነክሩታል። ጥቂት ቆይቶ ሲወጣ ግን እንደ አቀባቡ ልዩ ልዩ ቀለም ይዞ ይወጣል። በጋኑ ውስጥ የነበረው ቀለም አንድ ብቻ መሆኑ ፕሊኒን አስደንቆታል።

ዛሬ የነገሩን ምስጢር እናውቃለን። የጥንት ነካሪዎች ቀለሙን ከጨርቁ ጋር ለማስተሳሰር ከተጠቀሙባቸው ነገሮች ዋነኞቹ የብረታ ብረት ጨዎች ነበሩ። ማደር ከተባለው ተክል ሥር የሚገኘው ቀለም ሸብ ውስጥ ያለውን አሉሚኒየም ሲያገኝ ይቀላል፤ ብረት ሲያገኝ ደግሞ ወደ ሐምራዊና ወደ ጥቁር ያደላል። ቀለሙ የሚለወጠው ከየትኛው ብረታ ብረት ጋር መጣመሩን ተከትሎ ነው። ለዐይን የማይታየው ብረታ ብረት በቀለሙ አማካይነት ማንነቱን ይገልጣል ማለት ነው። ነካሪው የፈለገው ያማረ ጨርቅ ነበር፤ ሳያስበው ግን ብረታ ብረትን ከብረታ ብረት የሚለይ ኬሚካዊ ጠቋሚ በእጁ ይዞ ነበር።

በዚህ ዘመን በቤተ ሙከራ የሚሠሩት፣ ሜርኩሪ ሲነካቸው የሚቀሉ፣ ዚንክ ሲያገኙ የሚያበሩ፣ መዳብ ሲደርስባቸው የሚጠፉ ሞለኪውሎች የዚያ ጋን የልጅ ልጆች ናቸው። እኛም የዚህ ረጅም ታሪክ ወራሾች ነን። የወረስነው ግን ዕውቀቱን ብቻ አይደለም። መርዙን የማየት ችሎታ በየዘመኑ ቀድሞ ሲገኝ፣ በታየው ነገር ላይ የመፍረድ ፈቃድ በየዘመኑ ዘግይቶ መጥቷል። ይህም ልማድ የውርሳችን ክፍል ነው። በዚህ ዳሰሳ የምንከተለው እነዚህን ሁለት ጅረቶች ነው፤ ዓመታቱም በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የነጋዴው ተንኮልና የደንገሉ ወረቀት

ያው ፕሊኒ ሌላም ነገር አቆይቶልናል። በዘመኑ ከመዳብ የሚገኘው አረንጓዴ ዝገት ለመድኃኒትነትና ለቀለም በውድ ይሸጥ ነበር። ተንኮለኛ ነጋዴዎች ጫማ ሠሪዎች ቆዳ የሚያጠቁሩበትን ርካሽ የብረት ጨው ይቀላቅሉበታል። ማታለሉን ለማወቅ በባሉጥ ዛፍ ላይ የሚወጣውን ዕባጭ ዘፍዝፎ፣ በውኃው ከደንገል የተሠራ ወረቀት መንከር ነው። ወረቀቱ የተበረዘ ዝገት ሲነካው ወዲያው ይጠቁራል። በጽሑፍ ከቆዩልን ኬሚካዊ የወረቀት ፍተሻዎች የመጀመሪያው ይህ ነው። በዕባጩ ውስጥ ያለው ታኒን ከብረት ጋር ሲጣመር ጥቁር ውህድ ይሠራል፤ በአውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት የተጻፈበት ቀለምም የዚሁ ውህድ ውጤት ነበር።

የዚህ ፍተሻ ትልቁ ነገር ማን እጅ ላይ እንደ ነበረ ነው። ገዢው ሻጩን የግድ ማመን አልነበረበትም። ወረቀቱን አውጥቶ ራሱ ያያል። ምሁር መሆን፣ ሹም መሆን፣ ሀብታም መሆን አላስፈለገውም። ቀለም የሚለውጥ ፍተሻ ገና ከጅምሩ ዕውቀትን ከሻጩ ወደ ገዢው የሚያሻግር መሣሪያ ነበር።

ያችው ሮም ግን ሌላ ትምህርትም ትታልናለች። መሐንዲሱ ቪትሩቪየስ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው የመጨረሻ መቶ ዓመት፣ በሸክላ ቧንቧ የሚመጣ ውኃ በእርሳስ ቧንቧ ከሚመጣው ይልቅ ለጤና የተሻለ መሆኑን ጽፎ ነበር። ማስረጃው ግልጽ ነበር፤ እርሳስ የሚያቀልጡ ሠራተኞች ፊታቸው ገርጥቶ፣ ጉልበታቸው ደክሞ ያያቸዋል። ሮማውያን ግን የእርሳስ ቧንቧቸውን አልጣሉም። የወይን ጭማቂን በእርሳስ ዕቃ ውስጥ አፍልተው ማጣፈጡንም አልተዉም። እርሳስ ከወይን አሲድ ጋር ሲጣመር ጣፋጭ ጨው ይሰጣል፤ አንደበትን ያስደስታል፣ አካልን በዝግታ ያፈርሳል። ያየው ሰው ተናግሯል፤ የሰማ ግን አልነበረም።

ወይን ጠጁ፣ ሐኪሙና ሐሰተኛው ጥቁረት

ከዚያ በኋላ ከ1600 ዓመታት በላይ አልፈው ተመሳሳይ ታሪክ በጀርመን አገር ተደገመ። በ1690ዎቹ በኡልም ከተማ የነበረ ኤበርሃርድ ጎክል የተባለ ሐኪም፣ ብርቱ የሆድ ቁርጠት የያዛቸውን ገዳማውያን ሲመረምር በሽታው የጎመዘዘ ወይንን ለማጣፈጥ ከተጨመረው የእርሳስ ኦክሳይድ መምጣቱን ደረሰበት። የዉርተምበርግ መስፍን በ1696 እንዲህ ያለውን ማጣፈጫ ከልክሎ በአድራጊው ላይ የሞት ቅጣት ደነገገ። ሕግ ከወጣ ደግሞ ማስረጃ ያስፈልጋል። በመሆኑም «የዉርተምበርግ የወይን ፍተሻ» የሚባለው ፈሳሽ በሥራ ላይ ዋለ። ሰልፈርና አርሴኒክ ካለበት ማዕድንና ከኖራ የሚዘጋጅ ሲሆን፣ እርሳስ ያለበት ወይን ሲጨመርበት ይጠቁራል።

ችግሩ ፈሳሹ ብረት ሲያገኝም መጥቆሩ ነበር። ብረት ደግሞ ከመሣሪያም ሆነ ከዕቃ ወደ ወይን ያለ ማንም ክፋት ሊገባ ይችላል። ንጹሕ ነጋዴ በሞት በሚያስቀጣ ወንጀል ሊከሰስ የሚችልበት ፍተሻ ነበር ማለት ነው። ይህን ያቃናው በኋላ በሆሚዮፓቲ መሥራችነቱ ስሙ የገነነው ሳሙኤል ሃነማን ነው። በ1788 ባሳተመው ጽሑፍ ፈሳሹ አሲድ እንዲሆን አደረገ። በአሲድ ውስጥ እርሳስ ከሰልፈር ጋር ተጣምሮ ጥቁር ዝቃጭ ይሠራል፤ ብረት ግን ሟሙቶ ይቀራል። አንዲት ጠብታ አሲድ በደለኛውን ከንጹሑ ለየች።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። ማየት ብቻውን በቂ አይደለም፤ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። የማይለይ ፍተሻ ሁለት ዓይነት በደል ይሠራል፤ ንጹሑን ይከሳል፣ በደለኛውንም በጥርጣሬ ጥላ ሥር ያስመልጣል። ከሃነማን ወዲህ ያለው የዘርፉ ታሪክ በአመዛኙ ይህን መለየት ፍለጋ ነው።

በለንደን ይሠራ የነበረው ጀርመናዊ ኬሚስት ፍሬድሪክ አኩም በ1820 ስለ ምግብ ብረዛና ስለ ማዕድ ቤት መርዝ ባሳተመው መጽሐፍ ዕውቀቱን ወደ ተራው ሰው ቤት አወረደው። የተጠበቀ አትክልት አረንጓዴነቱ እንዳይጠፋ በመዳብ ይቀለም ነበር፤ አኩም በፈሳሹ ላይ አሞኒያ ጨምሩና ሰማያዊ ከሆነ መዳብ አለበት አለ። አይብን ለማቅላት ቀይ የእርሳስ ዱቄት ይገባ እንደ ነበርም አጋለጠ። የበራዦችን ስም ሳይቀር በማተሙ ጠላት አበዛ፤ ብዙም ሳይቆይ በሌላ ክስ ምክንያት እንግሊዝን ለቆ ሄደ። የብሪታንያ ፓርላማ ስለ ምግብ ብረዛ የመጀመሪያውን አጠቃላይ ሕግ ያወጣው በ1860 ነው፤ ጥርስ ያለው ሕግ የመጣው ደግሞ በ1875። ፍተሻው ከታተመ እስከ ሕጉ ሁለት ትውልድ የሚሆን ጊዜ አለፈ።

ሥርዓት ያገኘ ዕውቀት

ጥቂት ወደ ኋላ ስንመለስ፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኬሚስቱ ኦቶ ታኬኒየስ የባሉጡን ዕባጭ ውኃ ከልዩ ልዩ ብረታ ብረት ጋር እያገናኘ የሚሰጠውን ቀለም መዝግቦ ነበር። ሮበርት ቦይል ደግሞ በ1664 ስለ ቀለማት ባሳተመው መጽሐፍ ቀለም መለወጥ የነገሮችን ጠባይ የማወቂያ መንገድ መሆኑን በሙከራ አሳየ። በ1841 ካርል ፍሬዜኒየስ ያሳተመው መማሪያ ይህን ሁሉ የተበታተነ ዕውቀት በሥርዓት አስቀመጠው፤ ብረታ ብረትን በቡድን በቡድን እየነጠሉ፣ በየደረጃው ቀለማቸውን እያዩ መለየት። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ኬሚስትሪ የተማሩ ብዙዎች በቤተ ሙከራ የሠሩት ይህንኑ ነው።

በ1905 ሩሲያዊው ሌቭ ቹጋየቭ ዳይሜቲልግላዮክሲም የተባለ ውህድ ከኒኬል ጋር ሲገናኝ ደማቅ ቀይ ዝቃጭ እንደሚሰጥ አገኘ። ይህ ግኝት አዲስ ሐሳብ ወለደ፤ ለአንድ ብረታ ብረት ታስቦ የሚመረጥ ካርቦን ያለበት ሞለኪውል። ሐሳቡን ወደ ጥበብ ያደረሰው የቪየናው ፍሪትዝ ፋይግል ነው። በማጣሪያ ወረቀት ላይ አንዲት ጠብታ መርማሪ ፈሳሽ፣ አንዲት ጠብታ ናሙና፤ ከዚያ ቀለሙን መመልከት። በ1938 ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ አይሁዳዊው ፋይግል ተሰደደ፤ በቤልጅየም አልፎ ብራዚል ደረሰ፤ በ1971 እስኪሞት ድረስም በሪዮ ዴ ጃኔሮ ሠራ። ትልቅ መሣሪያ የማይጠይቅ ሳይንስ ከስደተኛው ጋር አብሮ መሻገር ችሏል። አቅማቸው ውስን ለሆኑ አገሮች ይህ ቀላል ትምህርት አይደለም።

በ1945 ደግሞ በዙሪክ ጌሮልድ ሽቫርትሰንባህ ኢዲቲኤ የተባለውን ውህድ ለብረታ ብረት መለኪያነት አበቃው። በውኃ ውስጥ ያለውን ካልሲየምና ማግኒዚየም ለመለካት ኤሪዮክሮም ብላክ ቲ የተባለው ቀለም ከወይን ጠጅ ቀይነት ወደ ሰማያዊ ሲዞር የሚያቆመው ተማሪ፣ ሳያውቀው ከፕሊኒ ነካሪዎች ጋር በአንድ ሐረግ ላይ ቆሟል፤ ኤሪዮክሮምም መጀመሪያ የጨርቅ ቀለም ነበርና።

የሚያበራው እንጨት

እስካሁን ያየነው የቀለሙን ታሪክ ነው፤ የብርሃኑ ታሪክ ደግሞ የሚጀምረው ከሜክሲኮ ነው። የስፔኑ ሐኪም ኒኮላስ ሞናርዴስ በ1565 ለኩላሊት በሽታ ስለሚጠጣ አንድ እንጨት ጻፈ። የአገሩ ተወላጆች አዝቴኮች አስቀድመው ያውቁት ነበር። እንጨቱ በውኃ ሲዘፈዘፍ ውኃው ሰማያዊ ጭላንጭል ያወጣል። ሞናርዴስ ይህን ምልክት የእውነተኛው እንጨት መለያ አደረገው፤ ሰማያዊ ካላሳየ ሐሰተኛ ነው አለ። እዚህም ላይ ጅማሬው አንድ ነው፤ ገዢውን ከአታላይ የሚጠብቅ ምልክት። ቦይል በኋላ አሲድ ሲጨመርበት ሰማያዊው እንደሚጠፋ፣ አልካሊ ሲጨመርበት እንደሚመለስ አሳየ። አካባቢው ሲለወጥ ብርሃኑም የሚለወጥ ነገር ተገኘ ማለት ነው።

የካምብሪጁ ጆርጅ ስቶክስ በ1852 የክስተቱን ምክንያት አስረዳ። ሞለኪውሉ ዐይን የማያየውን አልትራቫዮሌት ጨረር ይውጣል፤ ከኃይሉ ጥቂቱን ያጣል፤ የቀረውን በሚታይ ብርሃን መልክ ይለቃል። ስቶክስ ይህን ፍካት ፍሎረሰንስ ብሎ ሰየመው። ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ1867፣ የባዝሉ ፍሪድሪክ ጎፕልስሮደር ቢጫ ማቅለሚያ ከሚገኝበት እንጨት የወጣው ሞሪን የተባለ ቀለም አሉሚኒየም ሲያገኝ አረንጓዴ ፍካት እንደሚሰጥ አስተዋለ። ፍካትን ለብረታ ብረት ፍተሻ መጠቀም የተጀመረው በዚህ ነው። ሞሪንም እንደ ማደር የማቅለሚያው ጋን ልጅ ነው፤ ጨርቅ ነካሪዎች በሸብ ሲያስተሳስሩት ኖረዋል።

ፍካት ከተራ ቀለም የሚበልጥበት ምክንያት ግልጽ ነው። ቀለም የሚታየው ከነጭ ብርሃን ላይ አንድ ክፍል ሲቀነስ ነው፤ ጥቂት ሲቀነስ ዐይን አያስተውልም። ፍካት ግን በጨለማ ውስጥ የሚወጣ ብርሃን በመሆኑ እጅግ ጥቂቱ እንኳ ይታያል። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውኃ ውስጥ እንዲኖር የሚፈቅደው የእርሳስ መጠን በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። እንዲህ ያለውን ጥቂት ነገር ለመለየት ፍካት ተመራጭ የሆነው ስለዚህ ነው።

ለአንድ ብቻ የሚሆን ማረፊያ

መለየት ግን አሁንም ከባድ ነው። ምክንያቱን በ1953 ኬሚስቶቹ ሃሪ ኧርቪንግና ሮበርት ዊሊያምስ በሥርዓት አስቀምጠውታል። የማንጋኒዝ፣ የብረት፣ የኮባልት፣ የኒኬል፣ የመዳብና የዚንክ አዮኖች (ኤሌክትሪክ ቻርጅ የያዙ አተሞች) በሞለኪውል ላይ ባለ በአንድ ዓይነት ማረፊያ ሲወዳደሩ ጥንካሬያቸው በዚህ ቅደም ተከተል እየጨመረ ይሄዳል፤ ከሁሉ የሚበረታው መዳብ ነው፤ ዚንክ ላይ ሲደርስ እንደገና ይወርዳል። ማረፊያውን ማን ሠራው፣ ለማን ሠራው ሳይባል መዳብ ቀድሞ ይይዘዋል። ለዚንክ የታሰበ ጠቋሚ በመዳብ የሚሳሳተው ለዚህ ነው።

መፍትሔው ማረፊያውን በመጠንና በቅርጽ መለካት ሆነ። ቻርለስ ፔደርሰን፣ በኮርያ ከኖርዌያዊ አባትና ከጃፓናዊት እናት የተወለደው፣ በአሜሪካው የዱፖንት ኩባንያ ሲሠራ በ1967 ክብ ሞለኪውሎችን አስተዋወቀ። አዮኑን እንደ ዘውድ ስለሚከቡት የዘውድ ኢተሮች ብሎ ጠራቸው። ከመካከላቸው ባለ ስድስት ኦክስጅኑ ቀለበት ለፖታሲየም ልክ ይመጥናል፤ ሶዲየም ያንስበታል፣ ሲዚየም ይበዛበታል። ፔደርሰን ከዶናልድ ክራምና ከዣን ማሪ ሌን ጋር በ1987 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ፤ የዶክትሬት ዲግሪ ሳይኖረው።

ኬሚስቱ ሮጀር ቺየን የካልሲየምን ማረፊያ ከሚፈካ ቀለም ጋር አገናኘ። በ1980 የመጀመሪያውን፣ በ1985 ደግሞ ፉራ ሁለት የተባለውን ጠቋሚ ሠራ። ፉራ ሁለት ካልሲየም ሲይዝ የሚውጠው ጨረር ስለሚለወጥ፣ በሁለት ጨረሮች የሚሰጠውን ፍካት በማነጻጸር መጠኑን ማወቅ ይቻላል፤ ጠቋሚው ራሱ ቢበዛም ቢያንስም መልሱ አይዛባም። ልብ ሲመታ፣ ነርቭ መልእክት ሲያስተላልፍ በሕያው ሴል ውስጥ የሚወጣውንና የሚወርደውን ካልሲየም የሰው ልጅ በዐይኑ ማየት ቻለ።

በስሪላንካ ተወልዶ በቤልፋስት የሠራው ፕራሳና ደ ሲልቫ ደግሞ የማብራትና የማጥፋቱን ስልት አስተማረን። ሞለኪውሉ ሁለት ክፍል አለው፤ ብርሃን ሰጪና ብረታ ብረት ያዥ። ያዡ ባዶ ሲሆን ኤሌክትሮን እየላከ የብርሃን ሰጪውን ፍካት ያዳፍናል። አዮኑ ሲያርፍበት ኤሌክትሮኑ ይታሰራል፤ ፍካቱም ይወጣል። በ1997 የአንቶኒ ዛርኒክ ቡድን በዚህ ላይ ሌላ መንገድ ጨመረ። ሮዳሚን የተባለው ደማቅ ቀለም በአንድ ቀለበት ተዘግቶ ቀለም አልባ ሆኖ ይቀመጣል፤ መዳብ ሲመጣ ቀለበቱ ይከፈታል፤ ውኃው ይቀላል፣ ይፈካልም። ዛሬ ለሜርኩሪ፣ ለብረትና ለሌሎችም የሚሠሩ እጅግ ብዙ ጠቋሚዎች ይህንኑ ፈለግ ተከትለዋል። የሚበራ ጠቋሚ ከሚጠፋ ጠቋሚ ይሻላል፤ ብርሃንን የሚያጠፉ ነገሮች ብዙ ናቸውና።

ይህ ሁሉ ሆኖም ፍጹም መራጭ የሆነ ሞለኪውል ማግኘት ብርቅ ነው። ስለዚህ ብዙ ተመራማሪዎች ልዩ ልዩ ቀለሞችን ጎን ለጎን ደርድረው የሁሉንም ምላሽ አንድ ላይ ማንበብ ጀምረዋል። ልምድ ያላት ወጥ ሠሪ አንዱን ቅመም ለብቻው ሳትቀምስ በጠቅላላ ጣዕሙ የጎደለውን እንደምታውቅ፣ ድርድሩም በየአንዱ ቀለም ሳይሆን በጠቅላላ መልኩ ብረታ ብረቱን ይለያል። ከግብፅ ጋን የወጣው ባለ ብዙ ቀለም ጨርቅ በሌላ መልኩ ተመለሰ።

የታየው መርዝና የዘገየው ፍርድ

ሁለተኛው ጅረት፣ የዘገየው ፍርድ፣ ከዚህ ሁሉ ጥበብ ጎን ሳይቋረጥ ፈስሷል። በጃፓን ሚናማታ የዓሣ አጥማጆች ቤተሰቦች የያዛቸው የነርቭ በሽታ በይፋ የታወቀው በግንቦት 1956 ነው። በ1959 የኩማሞቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጣታቸውን በኦርጋኒክ ሜርኩሪ ላይ ቀሰሩ። በዚያው ዓመት ፍሳሹን ወደ ባሕሩ ይለቅ የነበረው የቺሶ ኬሚካል ፋብሪካ ሆስፒታል ኃላፊ የነበሩት ዶክተር ሃጂሜ ሆሶካዋ የፋብሪካውን ፍሳሽ ለድመት አብልተው በሽታውን አዩ፤ ውጤቱ ግን ተሸሸገ። መንግሥት ምክንያቱን በይፋ ያመነው በመስከረም 1968 ነው። ሜርኩሪን በቀለም መለካት የሚያስችለው ዲቲዞን የተባለ ውህድ ከ1920ዎቹ ጀምሮ በኬሚስቶች እጅ ነበር። የጎደለው መሣሪያ አልነበረም።

የባንግላዴሽ ታሪክ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ለእኛ ቅርብ ነው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሕዝቡን ከተቅማጥ ለማዳን በሚሊዮን የሚቆጠሩ የእጅ ፓምፕ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። ውኃው ከጀርም ንጹሕ ነበር፤ ከአርሴኒክ ግን አልተፈተሸም። አርሴኒክ ሙሉ በሙሉ ብረታ ብረት ባይባልም በመርዛማነቱ ከእርሳስና ከሜርኩሪ ጋር የሚቆጠር ነው። ብክለቱ በ1993 ተረጋገጠ። በ2000 የዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ያወጣው ጽሑፍ ጉዳዩን በታሪክ ከታዩት የጅምላ መመረዞች ሁሉ ትልቁ ብሎታል። መልሱም በቀለም ነበር፤ ነጭ ወረቀት በአርሴኒክ ጋዝ ወደ ቢጫና ቡናማ ሲለወጥ የሚያሳይ፣ መሠረቱ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጣለ ፍተሻ። ወደ 5 ሚሊዮን ጉድጓዶች ተፈትሸው ደኅናው አረንጓዴ፣ አደገኛው ቀይ ተቀባ፤ ቀይ የተቀቡት 1.4 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። ብዙ ቤተሰብ ወደ ጎረቤት አረንጓዴ ጉድጓድ ተሻገረ፤ ብዙ ሕይወትም ተረፈ። ከዚያ ግን ቅቡ ደበዘዘ፤ አዳዲስ ጉድጓዶች ሳይፈተሹ ተቆፈሩ። በ2016 ሂዩማን ራይትስ ዎች ወደ 20 ሚሊዮን ሰው አሁንም የተበከለ ውኃ እንደሚጠጣ አስታወቀ። አንድ ጊዜ ማየት ለዘላለም ማወቅ አይደለም።

በእኛ ምድር

ይህ ታሪክ በኢትዮጵያም ምዕራፍ አለው። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ በብዙ ቦታ ከዓለም ጤና ድርጅት ወሰን፣ ከ1.5 ሚሊግራም በሊትር፣ ይበልጣል። በወንጂ የስኳር እርሻ አካባቢ የኖሩ ሠራተኞች ጥርስና አጥንት ለዚህ ምስክር ነው። ፍሎራይድ ብረታ ብረት ባይሆንም የሚፈተሽበት ጥበብ ከዚሁ ቤት የወጣ ነው። ዚርኮኒየም ከተባለው ብረታ ብረት ጋር የተጣመረ ቀይ ቀለም ፍሎራይድ ሲመጣበት ይፈዝዛል፤ ፍሎራይዱ ብረታ ብረቱን ነጥቆ ይወስደዋልና። ከማደር ሥር የሚገኘው አሊዛሪን ለዚህ ሥራ ከዋሉት የመጀመሪያ ቀለሞች አንዱ ነበር።

ቆዳ ፋብሪካዎቻችን የሚጠቀሙበት ክሮሚየም ደግሞ መለየት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ያሳያል። ቆዳ የሚለፋው ሦስት ቻርጅ በያዘው ክሮሚየም ነው፤ መርዛማነቱ አነስተኛ ነው። ስድስት ቻርጅ የያዘው ክሮሚየም ግን ካንሰር አምጪ ነው። ዳይፊኒልካርባዛይድ የተባለው መርማሪ ከሁለተኛው ጋር ብቻ ሐምራዊ ይሆናል። ጠቅላላውን ክሮሚየም መለካት የአደጋውን መጠን አይነግርም፤ የቱ ክሮሚየም እንደሆነ መለየት ግን ይነግራል። የአቃቂ ወንዞች ውኃ አትክልት ያጠጣል፤ በዚያ ውኃ በበቀለ ጎመንና ሰላጣ ውስጥ የከባድ ብረታ ብረት ብክለትን የመዘገቡ የአገር ውስጥ ጥናቶች ለብዙ ዓመታት ሲወጡ ቆይተዋል። ኢትዮጵያ በ2018 በግድግዳ ቀለም ውስጥ ያለውን እርሳስ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ 90) እንዳይበልጥ የሚወስን ደንብ ማውጣቷ በጎ እርምጃ ነው። ደንብ ግን በየገበያው የሚፈትሽ ዐይን ከሌለው ከወረቀት አያልፍም።

ቀጣዩ ምዕራፍ

ወደፊት የሚመጣው ነገር ብዙ ተስፋ አለው። ከ2007 ጀምሮ በሃርቫርድ የጆርጅ ዋይትሳይድስ ቡድን ያሳየው፣ ፈሳሽ በራሱ የሚሄድባቸው ጠባብ መስመሮች ያሉት የወረቀት መፈተሻ፣ ከፋይግል ወረቀት የተወለደ ነው። የእጅ ስልክ ካሜራ ቀለሙን ከሰው ዐይን ይልቅ በትክክል ማንበብ ይችላል። ይሁን እንጂ በቤተ ሙከራ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ያማረ ጠቋሚ በወንዝ ውኃ ውስጥ ሊሳሳት ይችላል። የምርምር መጽሔቶች በየዓመቱ በሚወለዱ ጠቋሚዎች ይሞላሉ፤ ከእነዚህ ከቤተ ሙከራ ወጥተው ጉድጓድ ዳር የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው። የሃነማን ጥያቄ ዛሬም ጥያቄ ነው፤ ይህ የጠቆረው በእርግጥ እርሳስ ነው ወይስ ንጹሕ ብረት?

ከሁለት ሺህ ዓመት ታሪክ የሚቀረን ሦስት ነገር ነው። ፍተሻ በሚጠጣው ሰው እጅ ሲሆን ይበረታል። የማይለይ ፍተሻ ከፍትሕ ይልቅ በደል ሊወልድ ይችላል። ውጤቱን ተከትሎ ውሳኔ ካልመጣ ደግሞ እጅግ ረቂቁ ሞለኪውል እንኳ የማንንም ልጅ አያድንም። ስለዚህ ተመራማሪዎቻችን አዲስ ጠቋሚ ሲሠሩ በአቃቂና በስምጥ ሸለቆ ውኃ ይፈትኑት። መምህራን ተማሪዎቻቸው የቤተ ሙከራውን ቀለም ከሰፈራቸው ቧንቧ ጋር እንዲያገናኙት ያድርጉ። ውኃ የሚያቀርቡ መሥሪያ ቤቶች የፍተሻ ውጤታቸውን ነዋሪው በሚያነብበት ቦታ ይለጥፉ፤ ፍተሻውንም በየጊዜው ይድገሙት። አንባቢም የሚጠጣው ውኃ መቼ እንደ ተፈተሸ፣ ለየትኛው ብረታ ብረት እንደ ተፈተሸ፣ ምን እንደ ተገኘ ይጠይቅ። መልሱን የማግኘት መብት አለው።